ሰማያዊ መብራት የጥራት ማኅተም አይደለም፦ «ከሁሉም ሰማያዊው ይበልጣል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ከሁሉም ሰማያዊው ይበልጣል» የሚለውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንድ ጊዜ ሱቄ ውስጥ፣ አንድ ጊዜ ማታ ቤቴ ሆኜ። ጸሐፊው እዚሁ ደብረ ብርሃን አምፕሊፋየርና ስፒከር የሚሸጡ ነጋዴ መሆናቸውን ራሳቸው ገልጸዋል። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለው ዕቃ ሲበላሽ የምጠግን ሰው ነኝ። እርሳቸው ዕቃውን ከካርቶኑ ሲወጣ ያዩታል፤ እኔ በሰው ቤት ስድስት ሰባት ዓመት ከኖረ በኋላ፣ አቧራ ለብሶ፣ ክዳኑ ተፈትቶ አየዋለሁ። ልዩነታችን የመጣው ከዚህ ይመስለኛል።

የጽሑፋቸው ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው። ሙዚቃ ማጫወቻ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያየው በዕቃው ፊት ላይ የሚበራውን ጠቋሚ መብራት ነው። ሰማያዊ የሚበራው ዘመናዊና ውድ ዕቃ ነው፤ ቀይ፣ ብርቱካናማና አረንጓዴ የድሮ ቴፕ ርዝራዦች ናቸው። ሰማያዊ ከሩቅ ጎልቶ ይታያል፤ ድምፁንም ጥርት ያደርገዋል። በመጨረሻም ሰማያዊውን አውጥተው በሌላ ቀለም የሚተኩ ጠጋኞች የዕቃውን ዋጋ ይጥላሉ ይላሉ። ይህ የመጨረሻው እኔን እንደሚመለከት አውቃለሁ፤ ግን በእርሱ አልጀምርም።

በአንድ ነገር ከእርሳቸው ጋር ነኝ። የመብራቱ ቀለም ቀላል ጉዳይ አይደለም። «ዋናው ድምፁ ነው፤ መብራቱን ተወው» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ የእነርሱ ወገን አይደለሁም። ሰው ሙዚቃ ልቡን ሰጥቶ የሚያዳምጠው በአብዛኛው ማታ ነው። ቡፌው ላይ ከዳንቴሉ በላይ የተቀመጠውን ማጉያ (አምፕሊፋየር) ጨለማ ሲውጠው የምትቀረው ያቺ አንዲት ነጥብ ናት። ዕቃው ሰውን የሚያየው በእርሷ ነው። ስለዚህ «ቀለሙ ምንም አያመጣም» ብዬ አልከራከርም። የምለው ሌላ ነው፤ ያቺ ነጥብ የተተከለችው አንድ ነገር ልትነግረን ነው፤ ነግራን ዝም ማለትም አለባት። በሱቅ መደርደሪያ ላይ ገዢ ለመጥራት የሚመረጥ ቀለምና በሳሎን ውስጥ ዐሥር ዓመት አብሮን የሚኖር ቀለም የተለያዩ ናቸው።

ጽሑፉ የተከፈተው በከተማችን ስም ነው። «እኛ የብርሃን ከተማ ልጆች ነን፤ ለድንግዝግዝ መብራት አልተፈጠርንም» ይላሉ። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን በዚህ ስፍራ በሰማይ ላይ ብርሃን አይተው ቤተ ክርስቲያን እንዳሠሩና ስፍራውን ደብረ ብርሃን እንዳሉት የማያውቅ የሸዋ ልጅ የለም። አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች ያንን ብርሃን እ.ኤ.አ. በ1456 ከታየው ከሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር ያያይዙታል። ነገር ግን ያ ብርሃን ለንጉሡ የታየው በዙሪያው ያለው ሰማይ ጨለማ ስለነበረ ነው። ይህን ወንድሜ ዘንግተውታል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በምትገኝ ከተማ ምሽት ምን እንደሚመስል ነዋሪው ያውቃል። ገና በጊዜ ብርዱ በር ያዘጋል፤ ቤተሰቡ ጋቢውን ደርቦ፣ ልጆቹም ብርድ ልብስ ተከናንበው በአንድ ክፍል ይሰበሰባሉ። በዚያ ክፍል ውስጥ ትንሿ ነጥብ ትልቅ ናት። ዓይን የሚወጋ መብራት እዚያ መትከል የከተማዋን ስም ማክበር ሊሆን አይችልም።

ወደ ዋናው ነጥባቸው ልለፍ። «የዓለም ውድ አምፕሊፋየሮች ሰማያዊ ናቸው፤ ማኪንቶሽን ተመልከቱ» ይላሉ። ማኪንቶሽ እ.ኤ.አ. በ1949 የተመሠረተ፣ በኒውዮርክ ግዛት በቢንግሃምተን ከተማ ዕቃዎቹን የሚሠራ ኩባንያ ነው። ባለ መርፌ የኃይል መለኪያዎቹ በሰማያዊ ብርሃናቸው መታወቃቸው እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠሩት የማራንትዝ ሬዲዮና አምፕሊፋየሮችም፣ ለምሳሌ 2270 የሚባለው፣ የጣቢያ መፈለጊያቸው በሰማያዊ ይበራ ነበር። እኔም እወዳቸዋለሁ። ወንድሜ ያልጠየቁት ጥያቄ ግን አለ። ያ ሰማያዊ ከምን የተሠራ ነበር?

በዚያ ዘመን ደማቅ ሰማያዊ ኤልኢዲ (ያለ ክር፣ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት የሚያበራ ትንሽ መብራት) በዓለም ላይ አልነበረም። ለዓይን የሚታይ ቀይ ብርሃን የሚሰጠውን ኤልኢዲ ኒክ ሆሎንያክ በጄኔራል ኤሌክትሪክ ቤተ ሙከራ ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ቢጫውን ጆርጅ ክራፎርድ በ1972 አመጡት። ደማቁ ሰማያዊ ግን እስከ 1993 ድረስ አስጠበቀ። በጃፓኑ ኒቺያ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ሹጂ ናካሙራ ናቸው ጋሊየም ናይትራይድ ከተባለ ቁስ ያወጡት፤ መንገዱን ከጠረጉት ከኢሳሙ አካሳኪና ከሂሮሺ አማኖ ጋርም የ2014ን የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። ከቀዩ በኋላ ሠላሳ ዓመት ያስጠበቀ ነገር ሲመጣ ብርቅ ቢሆን አይፈረድበትም።

እንግዲያው የድሮው ሰማያዊ የተገኘው በተራ አምፖል ፊት ሰማያዊ ማጣሪያ በመጋረድ ነበር። የአምፖል ክር ሲግል የሚሰጠው ብርሃን በቀይና በቢጫ የበለጸገ፣ በሰማያዊ የደኸየ ነው። ማጣሪያው ሌላውን ሁሉ አስቀርቶ ያችኑ ጥቂት ሰማያዊ ያሳልፋል። የሚወጣው ብርሃን በሰፊ መስተዋት ላይ የተሰራጨ፣ ለስላሳ፣ ደብዘዝ ያለ ነው። ሰው የወደደው ይህን ነው። ዛሬ በየዕቃው ፊት የሚተከለው ሰማያዊ ግን ከምስር ፍሬ ብዙ ከማትበልጥ ነጥብ በቀጥታ ወደ ዓይን የሚወረወር ነው። የቤት ፋኖስም፣ በጣርማ በር ጉም ውስጥ ከፊት ለፊት የሚመጣ የአሮጌ ጭነት መኪና መብራትም ቢጫ ናቸው፤ ሁለቱን በአንድ ስም ጠርቶ «ሰው ቢጫ ይወዳል» የሚል ግን የለም። ወንድሜ ከማኪንቶሽ የተማሩት ስሙን ነው፤ መማር የነበረባቸው ልኩን ነበር።

ደግሞስ ውድ ዕቃ ሁሉ ሰማያዊ ነውን? በእንግሊዝ አገር በሳልስበሪ ከተማ የሚሠራው ናይም ጥቁር ሣጥኖቹን ለረጅም ዓመታት የሸጠው በአረንጓዴ ብርሃን በሚታይ የስም ምልክት ነው። ከዚያች አረንጓዴ ምልክት በቀር ፊቱ ላይ ያለው ነገር ጥቂት ነው፤ ዋጋው ግን ጥቂት አይደለም። የዲጄዎች ሸክላ ማጫወቻ የሆነውን የቴክኒክስ ኤስኤል-1200 እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣው ማርክ 2 ላይ የሰሐኑን ፍጥነት የምታሳየው መብራት ቀይ ናት፤ በሰሐኑ ጠርዝ ላይ ያሉት ነጥቦች የቆሙ ሲመስሉ ፍጥነቱ ልክ መሆኑ ይታወቃል። በ2019 በወጣው ማርክ 7 ላይ አምራቹ ባለቤቱ ቀይ ወይም ሰማያዊ እንዲመርጥ አድርጎ ሠራው። ነጥቦቹ በሁለቱም ቀለም ያው ይቆማሉ። ሰማያዊ የጥራት ማኅተም ቢሆን ኖሮ አምራቹ ቀዩን ለምርጫ አያቀርብም ነበር።

የዘመናዊነት ቀለም ይለዋወጣል። እ.ኤ.አ. በ1972 ሂውሌት ፓካርድ ኤችፒ-35 የተባለውን የኪስ ማስያ በ395 ዶላር ሲያወጣ ቁጥሮቹ በቀይ ይበሩ ነበር፤ ያን ጊዜ ቀይ የመጪው ዘመን ቀለም ነበር። ዛሬ ከገበያው እጅግ ርካሽ ከሆኑት ትንንሽ የብሉቱዝ ስፒከሮች አንዷን አንሥታችሁ ክፈቷት፤ ብልጭ የምትለው በሰማያዊ ነው። ከ1993 በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ሰማያዊ የውድ ዕቃ ምልክት ነበር ቢሉ እቀበላቸዋለሁ። ያ ጊዜ ካለፈ ቆይቷል።

«ቀይ የአደጋ ምልክት ነው፤ ሳሎን ውስጥ ቦታ የለውም» ለሚለው አጭር መልስ ይበቃል። ለማሽኖች ጠቋሚ መብራት ቀለም የወጣ አይኢሲ 60073 የሚባል ዓለም አቀፍ ደረጃ አለ። በእርሱ መሠረት ቀይ አደጋ፣ ቢጫ ጥንቃቄ፣ አረንጓዴ ደኅና ነው። ሰማያዊ ደግሞ «የግድ አንድ ነገር አድርግ» የሚል ትእዛዝ ነው። በዚህ ደንብ እንፍረድ ካልን ከሁሉ አስቀድሞ ከሳሎን የሚወጣው ሰማያዊው ነው። በቤት ዕቃ ላይ ግን ቀይ «ኃይል አለ፤ ተኝቻለሁ» ማለት ከሆነ ብዙ ዘመኑ ነው።

ደግሞ ገጠር ያደገ ሰው በጨለማ ውስጥ ቀይ ነጥብ ሲያይ የሚያስታውሰው ፍምን ነው። እኔ ያደግሁት መንዝ፣ መብራት ባልገባበት ቤት ነው። አባቴ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ቴፕ ነበረው፤ ከፊቱ በስተቀኝ አንዲት ቀይ ነጥብ ነበረችበት። ድንጋዮቹ አዲስ ሲሆኑ ደምቃ ትበራለች፤ ሲደክሙ ኃይሉ ይወርዳል፣ በእርሷ ውስጥ የሚያልፈውም እያነሰ ይመጣና ትፈዝዛለች። አባቴ ካሴት ከመክተቱ በፊት እርሷን ያያል። ከፈዘዘች «ዛሬ አንድ ፊት ብቻ ነው የምንሰማው» ይላል፤ እኛም ማልቀሱን ትተን የትኛው ፊት ይሁን በሚለው እንከራከራለን። በማግስቱ ድንጋዮቹን አውጥተን ፀሐይ ላይ እናሰጣለን። ያቺ ቀይ ነጥብ ለእኛ የቤተሰቡን ምሽት የምትለካ ነበረች። ወንድሜ «የድሮ ቴፕ ርዝራዥ» ያሉት ይህን ነው፤ ያቺ ነጥብ ሥራዋን የሠራች መብራት ናት።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የክርክሩ ልብ ያለው እዚህ ነውና። መብራት ሲናገር ቀለሙ ቃሉ ነው። ባለፈው ዓመት የሠርግ ሙዚቃ የሚያጫውት አንድ ወጣት ሁለት የተቃጠሉ ትዊተሮች (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጡ ትንንሽ ስፒከሮች) ይዞ ሱቄ መጣ። ደብረ ሲና አካባቢ ሠርግ ላይ ሞንታርቦው በድንገት ደንዝዞበት፣ ቀጭኑ ድምፅ ሁሉ ጠፍቶበት ነው። ሚክሰሩን (የድምፅ ማቀላቀያውን) አምጣው አልኩትና አመጣው። ቀድሞ ከታች አረንጓዴ፣ ከመካከል ቢጫ፣ ከላይ ቀይ የነበሩት የድምፅ መጠን መብራቶች በሙሉ በሰማያዊ ተተክተዋል። ለውበት ብሎ አስለውጧቸው ነው። አረንጓዴው «ደኅና ነህ» ይል ነበር፤ ቢጫው «ቀስ በል» ይል ነበር፤ ቀዩ ሲበራ የድምፁ ሞገድ ጫፍ መቆረጥ ጀምሯል ማለት ነው። ጫፉ የተቆረጠ ሞገድ ደግሞ በቀጭኑ ድምፅ በኩል ያልታሰበ ኃይል ይጨምራል፤ ያን ሁሉ የሚሸከመው ትንሹ ትዊተር ነው። እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቅልሉ ይግልና ይበጠሳል። ወጣቱ ሌሊቱን ሙሉ የሚያምር ሰማያዊ ዓምድ ሲወጣና ሲወርድ ያያል፤ የት ላይ ማቆም እንዳለበት የሚነግረው ግን አልነበረም። መብራቶቹን ወደ ቀድሞ ቀለማቸው ስመልስለት አንድም ጥያቄ አላነሣም።

የድሮው ቢጫማ አምፖል ደግሞ ማንም ሳያዝዘው የሚሠራው ሌላ ሥራ ነበረው። ቤቴ ያለው አሮጌ ሬዲዮ የጣቢያ መፈለጊያው የሚበራው ባለ ክር አምፖሎች ነው። ጎረቤት የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ሲሰካ ያ ብርሃን ዝቅ ይላል። ምጣድ ሦስት ኪሎዋትና ከዚያም በላይ የሚበላ ነገር ነው፤ መስመሩ ሲጫነው ቮልቴጁ ይወርዳል፣ አምፖሉም ይህን ወዲያው ይናገራል። እኔም ተነሥቼ ማጉያውን አጠፋለሁ። አዲሶቹ ዕቃዎች ውስጥ ኤልኢዲው የሚበራው በተስተካከለ ኃይል ስለሆነ ቮልቴጁ እስኪያልቅለት ድረስ እንደደመቀ ይቆያል። ይህ የኤልኢዲ ጥፋት አይደለም፤ ነገር ግን «የድሮው ርዝራዥ ነው» ከማለት በፊት የድሮው ምን ይሠራ እንደነበር ማወቅ ይገባል።

ቀጥለው «ሰማያዊ ከሁሉም ጎልቶ ይታያል» ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው፤ ችግሩም ያለው በዚያው ግማሽ ውስጥ ነው። በቀን ብርሃን ዓይናችን ከሁሉም አብልጦ የሚቀበለው የሞገዱ ርዝመት ወደ 555 ናኖሜትር (የሜትር ቢሊዮንኛ) የሚጠጋውን አረንጓዴማ ቢጫ ነው። ሲጨልም ሌላ ዓይነት የዓይን ሕዋሳት ሥራውን ይረከባሉ፤ የእነርሱ ጫፍ ወደ 507 ናኖሜትር ይወርዳል፣ ማለትም ወደ ሰማያዊው ይጠጋል፤ ለቀይ ግን ዕውራን ናቸው ማለት ይቻላል። የቼክ ሊቅ የነበሩት ፑርኪኜ ይህን ያስተዋሉት በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ነው፤ ቀን ደምቆ የሚታይ ቀይ አበባ ሲመሽ ይጠቁራል፣ ሰማያዊው ይገናል። ስለዚህ በብሩህ ሱቅ ውስጥ ልከኛ የመሰለ ሰማያዊ መብራት በጨለመ ሳሎን ውስጥ ከቀዩ ይልቅ ይጮኻል። ገዢው ሱቅ ያየውና ቤቱ የወሰደው አንድ ብርሃን አይደለም።

ይህም ብቻ አይደለም። ጎልቶ ይታያል ማለት ጥርት ብሎ ይታያል ማለት አይደለም። የዓይናችን ሌንስ ሰማያዊን ከቀይ ይልቅ ይበልጥ ስለሚሰብረው ሰማያዊው በዓይን ጀርባ ካለው ብርሃን ተቀባይ መጋረጃ (ሬቲና) ፊት ለፊት ቀድሞ ይሰበሰባል፤ በመጋረጃው ላይ ሲደርስ የተበተነ ነው። በመጋረጃው ማዕከል፣ በጣም ጥርት አድርገን በምናይበት ነጥብ ላይ ደግሞ ሰማያዊን የሚለዩት ሕዋሳት የሉም። ሰማያዊ ጠቋሚ ዙሪያውን ጉም የለበሰ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። ሰው ትኩር ብሎ ሲያየው ደብዛዛ፣ ዞር ሲል ደግሞ በዓይኑ ጠርዝ የሚነዘንዝ ይሆናል። «የሰማያዊ ብርሃን እንቅልፍ ይነሣል» የሚለው ወሬም በየቦታው ይሰማል። ሰውነታችን ሌሊትና ቀንን ለሚለይበት ሰዓት ምልክት የሚሰጡት የዓይን ሕዋሳት በእርግጥ ለሰማያዊ ይበልጥ የነቁ ናቸው፤ ነገር ግን አንዲት ጠቋሚ ነጥብ የምትሰጠው ብርሃን ጥቂት ስለሆነ ይህን አጋንኜ ክርክሬን ማጠናከር አልፈልግም። የምትነሣው ሰላም ይበቃኛል።

ማስረጃዬ ናስትሮ ነው። ለጥገና ከሚመጡልኝ ማጉያዎች መካከል በመብራቱ ላይ ቁራጭ ጥቁር ናስትሮ የተለጠፈባቸውን ደጋግሜ አያለሁ፤ አንዳንዶቹ ላይ ፕላስተር፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የሻማ ሰም ተቀብቶ አይቻለሁ። ከናስትሮው ሥር ሁልጊዜ የማገኘው ሰማያዊውን ነው፤ ባለፉት ዓመታት ሁሉ ቀይ ወይም አረንጓዴ ነጥብ ተሸፍኖ የመጣልኝ አንድም የለም። ወንድሜ «ገዢው ሰማያዊ ይጠይቃል» ሲሉ እውነታቸውን ነው፤ ሱቅ ውስጥ ይጠይቃል። ያው ገዢ ከወር በኋላ ቤቱ ውስጥ ናስትሮ ይቆርጣል። ያንን የሚያየው ሻጩ ሳይሆን ጠጋኙ ነው።

ደማቅ መብራት የሚያስፈልግበት ቦታ እንዳለ አልክድም። ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው፤ ሠርጉ በጠራራ ፀሐይ ዳስ ውስጥ ሲሆን ደብዛዛ ቀይ ነጥብ በራች አልበራች ለማወቅ እጅ መጋረድ ያስፈልጋል። ለእንዲህ ያለው ሥራ ደማቅ አረንጓዴ ጥሩ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን አምራቹ የመብራቱን ድምቀት የሚቀንስ ማዞሪያ ቢጨምርበት ነው።

«ሰማያዊ መብራት ድምፁን ጥርት ያደርገዋል» ወደሚለው እንምጣ። ወንድሜ ደንበኞቻቸው ሁለት ተመሳሳይ ማጉያዎችን ሰምተው ሰማያዊውን «ጥርት ያለ» እንዳሉላቸው ጽፈዋል። ደንበኞቻቸው ዋሹ አልልም። ዓይን በጆሮ ላይ ብዙ ሥልጣን አለው። ቺያ ጁንግ ጼይ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች የክላሲካል ሙዚቃ ውድድር አሸናፊዎችን እንዲገምቱ ጠየቁ፤ ድምፅ የሌለውን ምስል ብቻ ያዩት ሰዎች ድምፁን ብቻ ከሰሙት ይልቅ አሸናፊውን አገኙ፤ የሙዚቃ ሙያተኞቹም ያው ነበሩ። እንግዲህ የመብራት ቀለም ጆሮን ቢያሳምን አይገርመኝም። ነገር ግን ይህ ለሻጭ የሚሰጠው ፈቃድ አይደለም። ድምፁን እንሽጥ ካልን ድምፁን ብቻ እናሰማ፤ ሁለቱንም ማጉያዎች ጋቢ ጣል አድርገውባቸው ያጫውቱላቸው። (ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ይሁን፤ ማጉያ ካልተነፈሰ ይግላል።) ከዚያ በኋላ ደንበኛው የመረጠው የእውነት ምርጫው ነው። ያማሃና ማራንትዝ በአንዳንድ ዕቃዎቻቸው ላይ ሙዚቃው በአጭር መንገድ እንዲያልፍ የሚያደርግ አንድ መጫኛ አላቸው፤ ሲጫን የፊት ማሳያው ብርሃን ይጠፋል። የማሳያው ሥራ ራሱ ጥቂት ጩኸት ስለሚያመነጭ ነው። ለድምፅ ጥራት ሲሉ መብራት የሚያጠፉ አምራቾች ባሉበት፣ መብራት ድምፅ ያጠራል ማለት ይከብዳል።

አሁን ወደ እኔ ጉዳይ። ሰማያዊውን የምተካ ጠጋኝ የዕቃውን ዋጋ እጥላለሁ ወይ? በመጀመሪያ አብዛኛውን ጊዜ አልተካውም። ችግሩ ብዙውን ጊዜ ከቀለሙ ይልቅ ልኩ ነው። በ12 ቮልት ላይ ቀይ ኤልኢዲ 2 ቮልት ገደማ ይወስዳል፤ ባለ 1 ኪሎኦም ሬዚስተር (የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ የሚገታ ትንሽ ዕቃ) ሲገባለት 10 ሚሊአምፔር ያገኛል፤ ለድሮው ደካማ ቀይ ይህ ተገቢ ነበር። ብዙ አምራቾች ቀዩን አውጥተው ሰማያዊ ሲያስገቡ ሬዚስተሩን አልለወጡትም። ሰማያዊው 3 ቮልት ገደማ ስለሚወስድ 9 ሚሊአምፔር ይደርሰዋል፤ የዛሬ ሰማያዊ ኤልኢዲ ግን ለጠቋሚነት ከዚህ አንድ ዐሥረኛው ይበቃዋል። በ10 ኪሎኦም ስለውጠው 0.9 ሚሊአምፔር ይሆናል። ሥራው የግማሽ ሰዓት ነው፤ ካቻቢቴና መበየጃ ይበቃል፤ የሬዚስተሩ ዋጋ ከአንድ ሲኒ ቡና አይበልጥም። ሰማያዊው ሰማያዊ እንደሆነ ይቀራል፤ ዓይን መውጋቱን ግን ያቆማል። ደንበኛው ቀለሙ ራሱ ይለወጥልኝ ካለ እለውጣለሁ፤ ያወጣሁትንም በትንሽ ፌስታል አስሬ ከዕቃው ጋር እመልሳለሁ። ሊሸጠው የፈለገ ቀን መልሶ ያስገባዋል። የጠፋ ዋጋ የለም።

ስለ ዋጋ ከተነሣ ግን አንድ ነገር ልንገራቸው። ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት እናት ከአማታቸው የወረሱትን የአውሮፓ ሬዲዮ በነጠላ ጠቅልለው አመጡልኝ። ባለ ቱቦ ሬዲዮ ነው፤ ከፊቱ ጣቢያው ሲያዝ ጥላዋ የሚገጥም አረንጓዴ ዓይን አለችው። እንዲህ ዓይን የሚሆኑት የመስተዋት ቱቦዎች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ የወጡ ናቸው፤ በውስጣቸው ያለው አረንጓዴ የሚያበራ ቅብ በኤሌክትሮን እየተመታ ከጊዜ ብዛት ይፈዝዛል፤ ሬዲዮው ግን መሥራቱን አያቆምም። «ምን ሆነ እማማ?» ብላቸው «ይናገራል፤ ዓይኑ ግን ጠፋ» አሉኝ። ድምፁን ሰማሁት፤ ምንም አልጎደለውም። «እንግዲህ ይሠራል እኮ» አልኳቸው። «ልጄ፣ እርሱ ሲያየኝ ነበር የምሰማው» አሉኝ። ያችን ቱቦ ከሌላ ከሞተ ሬዲዮ እስካገኝ ስምንት ወር ፈጀብኝ። ሰክቼ ስከፍተው አረንጓዴው ቀስ ብሎ መጣ፤ መፈለጊያውን ራሳቸው አዞሩት፣ ጥላዋም እየጠበበች ሄዳ ገጠመች። አንድ ነጋዴ ሬዲዮውን በጥሩ ብር ሊገዛቸው ጠይቋቸው ነበር፤ በነጠላቸው መልሰው ጠቅልለው ይዘውት ወጡ።

ወንድሜ ይህን ካነበቡ አንድ ነገር እለምናለሁ። ከሱቅዎ በጣም የሚወዱትን ሰማያዊ ማጉያ ይዘው አንድ ማታ ወደ ሱቄ ይምጡ። እኔ ያንኑ ዓይነት ሌላ ማጉያ ሬዚስተሩን ለውጬ አዘጋጃለሁ። የክፍሉን አምፖል አጥፍተን፣ በሩን ዘግተን፣ ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀምጠን የሚወዱትን ሙዚቃ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንስማ። ናስትሮና መቀስ ጠረጴዛው ላይ ይኖራል።